ፒክአፕ ላይ የሚገጠም ዕቃ ሁሉ ከጭነቱ ላይ ይቀነሳል

በናፍጣና በቤንዚን የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት የብዙ ባለንብረት ጉዳይ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። ከታይላንድ፣ ከዱባይና ከቻይና የሚመጣው የፒክአፕ ተጨማሪ ዕቃ የሚገዛው በዚሁ ዶላር ነው። ስለዚህ ሃይሉክስ፣ ዲ-ማክስ፣ ኤል 200 ወይም ሬንጀር ያለው ሰው ሁለት ነገር አንድ ላይ ገጥሞታል። መኪናው ረጅም ዘመን እንዲያገለግለው ይፈልጋል፤ የሚጨምርበት ዕቃ ደግሞ ዛሬ ገዝቶ ነገ የሚጥለው ዓይነት ዋጋ የለውም።

ገበያው የሚያቀርበው በአብዛኛው መልክ ነው። በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራም ሆነ በየጋራዡ ደጃፍ የሚደረደረው ፓራውልት፣ ካኖፒ (የመጫኛው ክዳን)፣ ፖርቶመጋላ (የጣራ ላይ ዕቃ መጫኛ)፣ ስኖርክል (ለሞተሩ አየር ከላይ የሚስብ ቱቦ) እና ፓውዛ (ተጨማሪ መብራት) የሚመረጠው በዋጋውና ዓይን በመሳቡ ነው። ሻጩን «ስንት ኪሎ ይመዝናል? ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር የሚታሰረውስ በምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። ፒክአፕ ግን ጭነት ለመሸከም የተሠራ መኪና ነው። የመሸከም አቅሙ ቁርጥ ያለ ቁጥር አለው፤ የሚጨመርበት እያንዳንዱ ብረትም ከዚያ ቁጥር ላይ ይነሳል። ተጨማሪ ዕቃ መጀመሪያ በኪሎው፣ ቀጥሎ በሚገጠምበት ቦታ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በመልኩ መመረጥ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ኪሎውን አስቀድሞ መቁጠር

አብዛኞቹ ደብል ጋቢና ፒክአፖች ባዷቸውን 2,000 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ የተፈቀደላቸው ጠቅላላ ክብደት ደግሞ 3,000 ኪሎ ገደማ ነው። የእያንዳንዱ መኪና ትክክለኛ አሃዝ በሊብሬውና በፋብሪካው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ ሰሌዳው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በበሩ ምሰሶ ላይ ወይም ከኮፈኑ ሥር ነው። በሁለቱ አሃዞች መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም አንድ ቶን ያህሉ፣ ሰውን፣ ዕቃን እና የተገጠመውን ተጨማሪ ነገር ሁሉ የሚይዝ ነው።

እስቲ አንድ የተለመደ አገጣጠም እንደምር። የብረት የፊት መከላከያ 55 ኪሎ፣ ዊንች (በኤሌትሪክ ገመድ እየጠቀለለ መኪና የሚጎትት መሣሪያ) ከብረት ገመዱ ጋር 40፣ ፋይበርግላስ ካኖፒ 75፣ ፖርቶመጋላ 30፣ የመጫኛ ፕላስቲክ ምንጣፍ 18፣ ሁለተኛ ባትሪ ከማስቀመጫው ጋር 22፣ የጎን መርገጫዎች 25፣ ከሞተር ሥር የሚታሰር የሆድ መከላከያ ላሜራ 25። ድምሩ 290 ኪሎ ነው። ከ1,000 ላይ ሲቀነስ 710 ይቀራል። አምስት ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝን 350 ይወስዳል፤ የሚተርፈው 360 ኪሎ ነው። አሥር ኩንታል ይጭናል ተብሎ የተገዛው መኪና ሰው ሞልቶበት ሦስት ኩንታል ተኩል ብቻ የሚችል ሆነ ማለት ነው። ባለቤቱ ግን ያንኑ የለመደውን ሰባትና ስምንት ኩንታል ይጭንበታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የተሰበረ ባሌስትራ (ከኋላ ያለው ተደራራቢ የብረት ቅጠል ስፕሪንግ)፣ የሚፈነዳ ጎማ፣ የጋለ ፍሬን «የመኪናው ድክመት» ተብሎ ይወራል።

ግምቱን በትክክለኛ ቁጥር መተካት ቀላል ነው። የእህል መጋዘኖችና ፋብሪካዎች የመኪና ሚዛን አላቸው። መጀመሪያ የፊት ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ ወጥተው ይመዘናል፤ ከዚያ መኪናው በሙሉ፤ በመጨረሻ የኋላ ጎማዎች ብቻ። የፊትና የኋላ አክስል ለየብቻ የተፈቀደላቸው ክብደት ስላለ ጠቅላላውን ብቻ ማወቅ አይበቃም። ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ሙሉ ነዳጅ፣ የተለመደው ሰውና የተለመደው ጭነት እንዳለ ነው፤ ባዶ መኪና መዝኖ ማረጋገጫ አገኘሁ ማለት አይቻልም።

ከፊት የሚንጠለጠለው ብረት

ክብደት የት ቦታ እንዳረፈ መጠኑን ያህል ወሳኝ ነው። የሃይሉክስ የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 3.085 ሜትር ነው። 95 ኪሎ የሚመዝን መከላከያና ዊንች ከፊት አክስሉ 90 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ወጥቶ ቢታሰር፣ የፊት አክስሉ ላይ የሚጨመረው 95 ሳይሆን 123 ኪሎ ያህል ነው። ትርፉ 28 ኪሎ የሚመጣው ከኋላ አክስሉ ላይ ተነስቶ ነው። በዚህ የተነሳ የፊት ስፕሪንግ ይወርዳል፣ የጎማ አቀማመጥ ይዛባል፣ ባዶውን ሲነዳ ኋላው በፒስታ መንገድ ላይ ይበልጥ ይዘላል። ስለዚህ ከባድ የፊት መከላከያ የሚገጥም ሰው ለዚያ ክብደት የተሠራ የፊት ስፕሪንግ አብሮ መግዛት አለበት። ስፕሪንጉን ለይቶ «ቆይቶ ይገዛል» ማለት አሞርዛተሩንና የፊት ኩሽኔታዎችን አሳልፎ መስጠት ነው።

መከላከያው ራሱ ከምን ያድናል? ከበግ፣ ከፍየል፣ ከጥጃ፣ በዝግታ ከሚመጣ አህያ ራዲያተሩንና መብራቱን ያድናል። በአፋርና በሶማሌ ክልል መንገዶች ላይ ከሚያጋጥመው ግመል ግን አያድንም። ግመል ሲገጭ መከላከያው የሚያገኘው እግሩን ነው፤ ከባዱ ገላ ኮፈኑን አልፎ በቀጥታ ወደ ፊት መስታወቱ ይመጣል። እዚያ የሚያድነው ፍጥነት መቀነስና በሌሊት አለመንዳት ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ ሰው ነው። በአገራችን በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት መካከል ትልቅ ድርሻ ያላቸው እግረኞች ናቸው። የፋብሪካ ፓራውልትና ኮፈን ሲመታ እንዲታጠፍ ሆኖ ይሠራል፤ የብረት ቱቦ ግን አይታጠፍም፣ ኃይሉን ሁሉ በእግረኛው አካል ላይ ያሳርፋል። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉ የፊት መከላከያዎች የእግረኛ ደህንነት ፈተና ሳያልፉ እንዳይሸጡ የወሰነው ለዚህ ነው። መኪናው የሚውለው አዲስ አበባ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ውስጥ ከሆነ የብረት መከላከያ ለመግጠም በቂ ምክንያት የለም፤ ይህን በሙሉ እምነት እንናገራለን።

ለሚገጥሙት ደግሞ ሁለት ነገር መመርመር አለበት። አንደኛ፣ መከላከያው የሚታሰረው በሁለቱ የሻንሲ ጫፎች ላይ መሆን አለበት፤ የፕላስቲኩን ፓራውልት በያዘው ቀጭን ላሜራ ላይ የተበየደ መከላከያ በመጀመሪያው ግጭት ተገንጥሎ ራዲያተሩን ራሱ ይወጋል። ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ምልክት ያለባቸው ይሁኑ። ኤም 12 የሆነ (12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) የ8.8 ብሎን በ80 ኒውተን ሜትር ገደማ የማጥበቂያ ኃይል ይታሰራል። ምልክት የሌለው ብሎን ምን ያህል እንደሚችል ማንም አያውቅም። ሁለተኛ፣ መኪናው የአየር ከረጢት ካለው መከላከያው ለዚያ ሞዴል የተፈተነ መሆን አለበት፤ የግጭቱን ስሜት የሚያዘገይ ወይም የሚያፋጥን ብረት የአየር ከረጢቱን የመፈንዳት ሰዓት ያዛባል።

ዊንች የሚገዛ ሰው የመጎተት አቅሙን በመኪናው ጠቅላላ ክብደት አንድ ጊዜ ተኩል አድርጎ ያስላ፤ ለ3 ቶን መኪና 4.5 ቶን ማለት ነው። በሙሉ ኃይል ሲጎትት 400 አምፒር ገደማ ስለሚበላ ደካማ ባትሪ ላይ ዋጋ የለውም። በእኛ ግምት ግን አብዛኛው ባለ ፒክአፕ ዊንች አያስፈልገውም። አካፋ፣ ከጎማ ሥር የሚነጠፍ ማውጫ ጣውላ፣ ጥሩ የመጎተቻ ቀበቶና በሻንሲው ላይ በትክክል የታሰረ መንጠቆ አብዛኛውን ጭቃ ያሻግራሉ። የመጎተቻ ገመድ በተጎታች ኳስ ላይ ፈጽሞ አይታሰርም። ኳሱ ሲሰበር እንደ ጥይት ይወነጨፋል፤ በዚህ ሰው ሞቷል። በመርከብ ሲጫን መኪናው የሚታሰርበት ቀጭን ቀለበትም ለጉተታ አይሆንም።

ባሌስትራ መጨመርና የማይነገረው የፍሬን ጉዳይ

ኋላው ሲወርድ የሚሰጠው የተለመደ መፍትሔ ባሌስትራ ላይ ቅጠል መጨመር ነው። ጭነቱ ቋሚ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከባድ ካኖፒና መሣሪያ ሁልጊዜ የሚሸከም መኪና ከሆነ፣ ተገቢ ነው። አንዳንዴ ብቻ ለሚጭን መኪና ግን ጉዳቱ ያመዝናል። ባዶውን ሲሄድ ባሌስትራው ስለማይተጣጠፍ ጎማው መሬቱን ይለቃል፤ ኮረኮንች ላይ በተለይ ኩርባ ሲዞር ኋላው ይሸሻል። ቅጠል መጨመር የተፈቀደውን ክብደት ከፍ እንደማያደርግም መታወቅ አለበት። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ሻንሲው የድሮዎቹ ናቸው።

ብዙ ጋራዦች የማያነሱት ነገር ደግሞ አለ። በሃይሉክስና በመሰሎቹ ብዙ ሞዴሎች ላይ ከኋላ አክስሉ ወደ ሻንሲው የሚሄድ አንድ ዘንግ አለ። ዘንጉ ከፍሬን ዘይት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ጋር ተያይዟል፤ ኋላው ዝቅ ሲል መኪናው ተጭኗል ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል፣ ከፍ ሲል ባዶ ነው ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። ባሌስትራ ተጨምሮ ኋላው 5 ሴንቲ ሜትር ሲነሳ ቫልቩ ተጭኖ የቆመውን መኪና ባዶ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ውጤቱ ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ የኋላ ፍሬን ሰንፎ የፊቱ ብቻውን መሥራቱ ነው። የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክ ቶሎ የሚያልቅበት፣ የዓባይ በረሃን ዓይነት ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የሚግልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ የዘንጉን ማሰሪያ ኋላው ከፍ ባለበት ልክ ማስተካከል ነው። የመኪናውን ከፍታ የለወጠ መካኒክ ሁሉ ይህን ሳያይ መኪናውን ማስረከብ የለበትም።

ቅጠል በመጨመር ፋንታ ከአክስልና ከሻንሲ መካከል የሚገባ፣ ጭነት የሚደግፍ የአየር ከረጢትም ይሸጣል። ምቾቱ እውነት ነው፣ አደጋውም እውነት ነው። ባሌስትራ ጭነቱን ለሻንሲው የሚያስተላልፈው በፊትና በኋላ ጫፎቹ፣ ተራርቀው ባሉ ሁለት ነጥቦች ነው። የአየር ከረጢቱ ግን ከአክስሉ በላይ ባለ አንድ ቦታ ወደ ላይ ይገፋል። ከአክስሉ ኋላ ብዙ ጭነት ካለ፣ ማለትም ስኮርታ ጎማ፣ ጀሪካን፣ ተጎታች፣ ሻንሲው በዚያች ነጥብ ላይ ይታጠፋል። ጋቢናውና መጫኛው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፍቶ ወይም ከታች ጠቦ ከታየ ሻንሲው መታጠፍ ጀምሯል። ከባድ ነገር ሁልጊዜ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ፣ ከኋላ አክስሉ ፊት መጫን አለበት።

በያጅ ቤት የሚሠራው

የውጭው ሲወደድ የአገር ውስጥ ብየዳ ሥራ ይበዛል፤ ይህ መልካም ነው፣ ብዙ ጎበዝ በያጆች አሉ። ችግሩ የሚመጣው ብረቱ ሳይመዘን ሲቆረጥ ነው። ስፋቱ 48 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ በሜትር 3.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አሥር ሜትር የገባበት መከላከያ 34 ኪሎ ሆነ። 25 በ25 የሆነ ባለ 2 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ቱቦ በሜትር 1.4 ኪሎ ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ደግሞ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ያህል።

በዚህ ስሌት ጋቢና ላይ የሚወጣ ፖርቶመጋላን እንመልከት። 20 ሜትር ቱቦ 28 ኪሎ፣ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው 1.2 በ1.4 ሜትር ላሜራ 20 ኪሎ፣ ድምሩ 48። የብዙ ጋቢና ጣራ መኪናው በሚሄድበት ጊዜ የሚችለው ክብደት ፖርቶመጋላውን ጨምሮ 75 ኪሎ ገደማ ነው። ለዕቃ የቀረው 27 ኪሎ፣ አንድ ባለ 20 ሊትር የናፍጣ ጀሪካንና ትንሽ ሻንጣ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ስኮርታ ጎማ ጭኖ ኮረኮንች የሚነዳ ሰው የጣራውን ምሰሶ ሥር ቀለም ሲሰነጠቅ ያየዋል። ወለሉን በላሜራ ፋንታ በቀጫጭን ቱቦዎች መሥራት ግማሹን ክብደት ያስቀራል፣ ነፋስም ያሳልፋል። አሉሚኒየም የሚበይድ ባለሙያ ከተገኘ ደግሞ ክብደቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል።

መኪናው ላይ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ሁለቱም ጫፎች ይፈታሉ። የብየዳው መሬት መቆንጠጫ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰራል እንጂ በሌላው የመኪናው ጫፍ አይደለም፤ ኤሌትሪኩ በኩሽኔታ ወይም በኮምፒውተሩ ሽቦ በኩል ካለፈ ያቃጥላቸዋል። ሻንሲው ላይ መበየድና የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዙን መብሳት መወገድ አለበት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዚንክ የተቀባ የውኃ ቱቦም ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን ያሳምማል፣ ብየዳውም ውስጡ ቀዳዳ ይሆናል።

ጎማ

ለተጨማሪ ዕቃ የተመደበ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ወደ ጎማ መሄድ አለበት፤ መንገዱን የሚነካው እሱ ብቻ ነው። ትልቅ ጎማ ግን ጥሩ ጎማ ማለት አይደለም። የተለመደው 265/65 አር 17 ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ነው። 265/70 አር 17 ወደ 803 ይደርሳል፣ 285/70 አር 17 ደግሞ 831። የመጨረሻው በ7 በመቶ ይበልጣል፤ የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው 85 ተኩል ገደማ ነው። ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ እንደ እንጦጦ ባለ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን እየጨሰ ይነሳል፣ እያንዳንዱ ጎማ ስድስት ሰባት ኪሎ ስለሚጨምርም ፍሬኑ የሚያቆመው ነገር ይበዛል። ለአብዛኛው ሰው የፋብሪካው መጠን፣ ወይም ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለው፣ በቂ ነው።

ስትገዙ ሁለት ነገር ከጎኑ ላይ አንብቡ። የመሸከም መለኪያው 112 ከሆነ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል፤ ከዚያ ያነሰ ቁጥር ያለው የቤት መኪና ጎማ በርካሽ ቢገኝም ለፒክአፕ አይሆንም። የተመረተበት ጊዜ ደግሞ በአራት አሃዝ ይጻፋል፤ 2323 ማለት እንደ ፈረንጆቹ የ2023 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ነው። ለዓመታት ፀሐይ የመታው «አዲስ» ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ የደረቀ ነው።

ስለ ነፋስ ደግሞ ብዙ ሰው የሚገረምበት ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ ሲወረድ የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር የጎማው ንባብ በ3 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከ15 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ 4 ገደማ ይጨምራል። ሁለቱ ስለሚጠፋፉ ቀን ላይ ተለክቶ «ምንም አልተለወጠም» ይባላል። ስለዚህ መለካት ያለበት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ ንባቡ ከጠዋቱ በ4 ፒኤስአይ ከበለጠ ጎማው የያዘው ነፋስ ለጭነቱ አንሷል፤ ነፋስ ይጨመር ወይም ጭነት ይቀነስ።

ጎማውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቸርኬና በቸርኬውና በአክስሉ መካከል የሚገባ ማስፋፊያ መልክ ያሳምራል፣ የፊት ኩሽኔታ ላይ ግን በጎን የሚያጣምም ኃይል ይጨምራል። አንመክርም።

ካኖፒና አቧራ

ካኖፒ ከገጠሙ ሰዎች የሚሰማው ትልቁ ቅሬታ አቧራ ነው። ጥፋቱ ሁልጊዜ የካኖፒው አይደለም። መኪና ሲሄድ ከኋላው የአየር ጉድለት ይፈጠራል፤ አቧራው ወደዚያ ተስቦ በመጫኛው መዝጊያ ዙሪያ ባሉት ክፍተቶች ይገባል። መዝጊያው ከታች በኩል ባሉት ማጠፊያዎች አጠገብ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ በመጫኛው ማዕዘናት ላይም የውኃ መውረጃዎች አሉ። ሥራው በሁለት ይከፈላል። መጀመሪያ እነዚህ ክፍተቶች በበር ጎማ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት በሆነ ለስላሳ ጎሚኒ፣ ይዘጋሉ። ቀጥሎ በካኖፒው ጣራ ፊት ለፊት ማጣሪያ ያለው የአየር መግቢያ ይገጠማል፤ ከፊት የሚገባው አየር ውስጡን ስለሚሞላ አቧራው እንዲገባ የሚስበው ነገር ይጠፋል። የጎን መስኮቶችን በፒስታ ላይ ከፍቶ መሄድ የዚህን ሁሉ ተቃራኒ ይሠራል።

የፋይበርግላስ ካኖፒ ጣራ በጉዞ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ብቻ ይችላል። በአገር ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ የሚሠራው ይበልጥ ይችላል፣ ራሱ ግን ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል። ለእህልና ለአትክልት ጫኝ በቱቦ አጥር ላይ የሚወጠር ሸራ ከሁለቱም ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ ተፈትቶ ይቀመጣል፣ ሲቀደድ ይሰፋል።

የመጫኛው ፕላስቲክ ምንጣፍ ጌጡ ጥሩ ነው፣ ከሥሩ ግን አሸዋና ውኃ ይያዛል። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር አሸዋው ቀለሙን ይፍቃል፤ ዝገቱ የሚታየው ምንጣፉ ሲነሳ ነው። ከአፋር ጨው የሚጭን መኪና ይህን ምንጣፍ ጨርሶ ባያስገባ ይሻላል። በዓመት ሁለት ጊዜ አንስቶ ማጠብና ማድረቅ ግድ ነው።

መብራትና ሽቦ

መኪና የሚያቃጥለው ብዙውን ጊዜ መብራቱ ሳይሆን ሽቦው ነው። 120 ዋት የሆነ ፓውዛ በ12 ቮልት 10 አምፒር ይወስዳል። ለእሱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 15 አምፒር ፊውዝና ሪሌ (በትንሽ ኤሌትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) ያስፈልጋል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቀመጥ፤ ምክንያቱም ፊውዙ የሚጠብቀው ከእሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ብቻ ነው። ማብሪያው ሪሌውን ብቻ ያዝዝ፤ አሥሩ አምፒር በማብሪያው በኩል ካለፈ ማብሪያው ይቀልጣል። ሽቦው በላሜራ ቀዳዳ ሲያልፍ ጎሚኒ ይግባለት። የፋብሪካውን ሽቦ ገሽልጦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ የኮምፒውተር ስህተት ያስነሳል።

ሁለተኛ ባትሪ ከኋላ ሲቀመጥ የሽቦው ውፍረት ወሳኝ ነው። 30 አምፒር በ4 ሜትር ርቀት በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሲሄድ ግማሽ ቮልት ይጠፋል፤ ባትሪው በቶሎ አይሞላም። በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚጠፋው 0.13 ቮልት ነው። ዲናሞው ቮልቴጁን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀያይር አዲስ ሞዴል ከሆነ ደግሞ ሽቦ ብቻውን አይበቃም፣ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ቻርጀር ያስፈልጋል።

ለሃሎጅን በተሠራ የፊት መብራት ውስጥ ኤልኢዲ አምፖል መክተት እየተለመደ መጥቷል። የመብራቱ መስታወት የተሰላው ለሃሎጅን አምፖሉ ቀጭን ክር ነው፤ ኤልኢዲው ከዚያ ቦታ ፈቀቅ ስለሚል ብርሃኑ ወደ ላይ ይበተናል። ነጂው ፊቱ ስለደመቀ ደስ ይለዋል፣ ከፊት የሚመጣው ግን ይታወራል፤ በመንገዱ ዳር የሚሄደውን ገበሬና አህያውን የማያየው ያ የታወረው ነጂ ነው። ይህን ነገር ከመኪናችሁ አውጡት። ፓውዛም ከከተማ ውጭ፣ ከፊት መኪና በሌለበት ብቻ የሚበራ ነው፤ ጣራ ላይ ከተሰቀለ በአቧራና በጭጋግ ውስጥ ብርሃኑን መልሶ ወደ ነጂው ዓይን ስለሚያመጣ ፓራውልት ላይ ማድረጉ ይሻላል።

ስኖርክልና የናፍጣ ፊልትሮ

የስኖርክል ጥቅም በኢትዮጵያ ከውኃ ይልቅ ለአቧራ ነው፤ መኪኖች ተከታትለው ሲሄዱ አየሩን ከፍ ካለ ቦታ ስለሚስብ የአየር ፊልትሮው ቶሎ አይደፈንም። ውኃ ለሚሻገር ግን ቱቦው ብቻውን ሐሰተኛ መተማመን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የወጣው ትውልድ ሃይሉክስ በፋብሪካ የተፈቀደለት የውኃ ጥልቀት 70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስኖርክል ይህን አይለውጠውም። የአየር ፊልትሮው ቤት የታችኛው ውኃ ማፍሰሻ ሳይዘጋ ከቀረ ውኃው በዚያ ይገባል። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ተኮማትሮ ውኃ ይስባል፤ የመተንፈሻው ቱቦ እስከ ሞተሩ ክፍል ከፍ ካላለ ዘይቱ በማግስቱ ወተት ይመስላል። መጋጠሚያዎቹ መታሸጋቸውን ለማወቅ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የስኖርክሉን አፍ በመዳፍ ለአፍታ መክደን ነው፤ ሞተሩ ካልታነቀ አየር በሌላ ቦታ እየገባ ነው።

ከሁሉም ተጨማሪ ዕቃ ውስጥ መልክ የሌለውና ብዙ ገንዘብ የሚያድነው ውኃ የሚለይ ሁለተኛ የናፍጣ ፊልትሮ ነው። ዲ4ዲ በሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተርና በመሰሎቹ ኢንጀክተር (ናፍጣ ረጪ) ውስጥ ያለው ክፍተት በማይክሮን፣ በሚሊ ሜትር ሺሕኛ፣ የሚለካ ነው፤ ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ውስጥ ያለ ጥቂት ውኃ አራቱንም ያበላሻል። ፊልትሮው ከፋብሪካው ፊልትሮ በፊት ከተገጠመ 30 ማይክሮን ይበቃዋል፤ ደቃቁን ለፋብሪካው ይተውለታል። መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለ ግን ናፍጣ አይንጠባጠብም፣ አየር ይገባል እንጂ፤ ጠዋት ሞተሩ ብዙ ዞሮ ከተነሳ እዚያ ይፈለግ። የታችኛውን ውኃ ማፍሰሻ በየሁለት ሳምንቱ መክፈት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

ከተገጠመ በኋላ

አዲስ የተገጠመ ነገር ሁሉ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንደገና ይጠበቃል፤ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች በተለይ። የካኖፒ ማሰሪያ፣ የመርገጫ ብሎን፣ የመከላከያው ዳዶዎች በኮረኮንች ላይ ይላላሉ። ዳዶውን በቀለም እርሳስ አስምሮ መተው ጥሩ ዘዴ ነው፤ መስመሩ ከተላቀቀ ዳዶው ዞሯል። የመኪናው ከፍታ ከተለወጠ የጎማ አላይመንት ይሠራ፤ የፋብሪካው ክሪክም አዲሱን ከፍታ ይደርስ እንደሆነ ቤት ደጃፍ ላይ ይሞከር።

ኢንሹራንስ ሲታደስ የተገጠመው ዕቃ በዝርዝርና በዋጋው በውሉ ላይ ይግባ፤ ያልተዘረዘረ ካኖፒ ሲሰረቅ ክፍያ መጠየቅ አስቸጋሪ ነው። ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራና ለሽያጭ ሲባል የፋብሪካው ፓራውልት፣ ስፕሪንግና አምፖሎች አይጣሉ፣ ተጠቅልለው ይቀመጡ። የተጨመረ ሽቦ ካለ ፊውዙ የት እንዳለና ስንት አምፒር እንደሆነ በወረቀት ተጽፎ ከመኪናው መመሪያ ጋር ይቀመጥ፤ ከከተማ ርቆ በሌሊት መብራት የጠፋበት ነጂ ወይም መኪናውን ነገ የሚገዛው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው።